ይነገረን ወይስ እንጠይቅ?

ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ፣ ሰው የበዛበት ፋርማሲ። አንድ ደንበኛ የመድኃኒቱን ዋጋ በቴሌብር ከፍሎ ስልኩን ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ያዞራል። እሷ ግን የእሱን ስልክ አታይም፤ ዓይኗ ባንኮኒው ላይ ከተቀመጠው ከፋርማሲው ስልክ አይነቀልም። «ወንድሜ፣ ለእኛ ገና አልገባም» ትለዋለች። «እህቴ፣ ከእኔ ተቆርጧል እኮ፤ ይኸው ደረሰኙ» ይላል። የተቀነባበረ የደረሰኝ ፎቶ የሚያሳዩ አጭበርባሪዎች ስላሉ ይህ አያሳምናትም። ከኋላው የተሰለፉት ይቁነጠነጣሉ። ጥቂት ጠብቃ መልእክቱ ሲዘገይባት ስልኩን ታነሣና *127# ደውላ ሒሳቡን ታያለች። ገንዘቡ ገብቷል። መድኃኒቱን በፌስታል አድርጋ ትሰጠዋለች። አጭር የጽሑፍ መልእክቱ የሚደርሰው ሰውዬው መንገድ ከተሻገረ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በከተማው በየቀኑ ይደጋገማል። ገንዘብ ተቀባይዋ መጀመሪያ ሌላው ወገን እስኪነግራት ጠበቀች፤ ሲዘገይባት ራሷ ጠየቀች። ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ኢቨንት፣ ሁለተኛውን ፖሊንግ ይሉታል። ኢቨንት አንድ ነገር በሆነበት ቅጽበት አንዴ የሚላክ ዜና ነው። ፖሊንግ ደግሞ በየተወሰነ ጊዜ እየተመላለሱ «አሁንስ ምን ላይ ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች በተገናኙበት ቦታ ሁሉ፣ በባንክና በሱቅ፣ በስልክና በሰርቨር፣ በኔትወርክ ካርድና በኮምፒውተሩ አንጎል መካከል፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከሁለቱ አንዱን መርጧል። የመረጠው ሳያስብ ከሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

በወጣት ፕሮግራመሮች ዘንድ ኢቨንት የሠለጠነ አሠራር፣ ፖሊንግ ደግሞ የሰነፍ ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ይህ አመለካከት ጉዳት ያደርሳል ብዬ አምናለሁ። አንዴ ተልኮ የሚያልፍ ዜና ቀስቃሽ ነው፤ ተነሥ፣ የሆነ ነገር አለ ይላል። ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን እውነቱ ከተመዘገበበት ቦታ ሄዶ በማየት ነው። ቀስቃሹን እንደ ማስረጃ የቆጠረ ሥርዓት አንድ ቀን የሰው ገንዘብ ይጠፋበታል።

የተላከ ነገር ሲጠፋ

መጻሕፍት የሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ እናስብ። ገዢው «ክፈል» የሚለውን ይጫናል፤ ድረ ገጹ ወደ ክፍያ አቀናባሪው ይመራዋል፤ እዚያ የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል። ገንዘቡ ሲተላለፍ አቀናባሪው ለሻጩ ሰርቨር መልእክት ይልካል፤ ይህ ዌብሁክ ወይም ኮልባክ የሚባለው ነው። የሻጩ ፕሮግራም መልእክቱን ሲቀበል ትዕዛዙን «ተከፍሏል» ብሎ ይመዘግባል። ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም።

አሁን ሰርቨሩ አዲስ ኮድ ለመጫን ለ20 ሴኮንድ ተዘግቶ ነበር እንበል። መልእክቱ በዚያችው ቅጽበት መጣ፤ ተቀባይ አላገኘም። ላኪው ደግሞ ደጋግሞ የሚሞክር ካልሆነ ነገሩ በዚያው አበቃ። ገዢው ገንዘቡ ሄዷል፤ መጽሐፉ አልመጣም፤ የሻጩ ዳታቤዝ «በመጠበቅ ላይ» እንዳለ ይቀራል። እዚህ ላይ የኢቨንት ትልቁ ድክመት ይታያል። ዜና ያልደረሰው ሰው ዜና እንዳልደረሰው አያውቅም። ዝምታ «ገና አልተከፈለም» ማለትም፣ «ተከፍሏል ግን መልእክቱ ጠፋ» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ከሻጩ ወገን ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም።

ላኪው ደጋግሞ የሚሞክር ከሆነስ? ያኔ የተገላቢጦሹ ችግር ይመጣል። ሻጩ መልእክቱን ተቀብሎ ሠርቶበታል፤ ነገር ግን «ደርሶኛል» የሚለው መልሱ በመንገድ ተቆረጠ። ላኪው እንዳልደረሰ ቆጥሮ ደግሞ ይልካል፤ ሻጩም አንድ መጽሐፍ ለከፈለ ሰው ሁለት ይልካል። መስመሩ ሊቋረጥ በሚችልበት ቦታ ሁሉ ላኪው ዳግም ካለመላክና ደጋግሞ ከመላክ አንዱን መምረጥ አለበት፤ በገንዘብ ጉዳይ ደጋግሞ መላክ ይሻላል። ድርብ መልእክትን መቋቋም ደግሞ የተቀባዩ ግዴታ ነው። እያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት «ይህን ቁጥር ቀድሞ ጨርሼዋለሁ ወይ?» ብሎ ያጣራ። ሥራው ጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ሲቀር ግን የሚያስከትለው ጣጣ ብዙ ነው።

ሌላም አለ። የኮልባኩን አድራሻ ያወቀ ማንኛውም ሰው «ተከፍሏል» የሚል የሐሰት መልእክት ሊልክበት ይችላል። ስለዚህ መልእክቱ የሚመረመር ፊርማ ያስፈልገዋል። ከዚያም በላይ፣ ሲደርስ ተመልሶ ላኪውን መጠየቅ ይገባል። ቻፓን የመሰሉ የክፍያ አገልግሎቶች ከኮልባኩ ጎን ግብይቱን በመለያ ቁጥሩ የሚያጣሩበት ሌላ በር የሚያዘጋጁት ለዚህ ነው። ኤምፔሳም ኮልባክ ይልካል፤ የግብይት ሁኔታ መጠየቂያም አለው። ሁለቱ በሮች አብረው እንዲያገለግሉ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ተጠቅሞ ሌላውን የሚተው ፕሮግራመር ግማሹን ሥራ ሠርቶ ግማሹን ትቷል።

ታዲያ ኮልባኩን ትቶ ዝም ብሎ መጠየቅስ? 3,000 ሰዎች በአንድ ጊዜ ክፍያ እየጠበቁ ነው፣ ፕሮግራሙም ስለ እያንዳንዳቸው በየ2 ሴኮንዱ ይጠይቃል እንበል። በሴኮንድ 1,500 ጥያቄ ይሆናል፤ ከነዚህም አብዛኛው የሚያገኘው መልስ «ገና» ነው። ሰርቨሩ ጉልበቱን የሚጨርሰው ምንም እንዳልተለወጠ በመናገር ይሆናል። ጫናውን ለመቀነስ ጥያቄውን በየ30 ሴኮንዱ ብናደርገው ደግሞ ከፋዩ እስከ 30 ሴኮንድ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቆያል። ፖሊንግ ሁልጊዜ በፍጥነትና በብክነት መካከል ያስጨንቃል።

የቴሌግራም መላ

ብዙ ኢትዮጵያውያን ፕሮግራመሮች ከዚህ ምርጫ ጋር መጀመሪያ የሚፋጠጡት የቴሌግራም ቦት ሲሠሩ ይመስለኛል። ቴሌግራም የቦት መድረኩን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲከፍት ሁለት መንገድ አስቀመጠ። ወይ የራስህን አድራሻ ትሰጠውና መልእክት በመጣ ቁጥር እሱ ይልክልሃል፤ ወይ አንተ እየሄድክ ትጠይቀዋለህ። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም መጠቀም አይቻልም። ቤቱ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ተማሪ ከውጭ የሚደረስበት አድራሻም ሆነ የደኅንነት ሰርተፊኬት ስለሌለው ጥያቄውን ይመርጣል።

የዚህ ጥያቄ አሠራር ግን ከተለመደው ይለያል። ቦቱ «አዲስ ነገር አለ?» ሲል፣ አዲስ ነገር ከሌለ የቴሌግራም ሰርቨር ወዲያው «የለም» አይልም፤ መስመሩን ይዞ ይቆያል። መልእክት ሲመጣ በዚያው በተከፈተው መስመር ይሰጠዋል፤ የተቀጠረው ጊዜ ካለቀ ባዶ መልስ ሰጥቶ ይለቀዋል፤ ቦቱም እንደገና ይጠይቃል። ሎንግ ፖሊንግ ይባላል። ጠያቂው ተቀባዩ ቢሆንም ዜናው የሚደርሰው እንደ ኢቨንት ፈጥኖ ነው።

ከዚያም የሚበልጥ ብልሃት አለው። እያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር አለው፤ ቦቱ ሲጠይቅ «ከዚህ ቁጥር ጀምሮ ስጠኝ» ይላል። ያን ሲል ከዚያ በፊት ያሉትን መቀበሉን አረጋገጠ ማለት ነው። ያላረጋገጣቸው ቴሌግራም ዘንድ እስከ 24 ሰዓት ይቆያሉ። መብራት ጠፍቶ ቦቱ ለሦስት ሰዓት ቢተኛ፣ ሲነሣ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዴ ብቻ ይነገር የነበረው ዜና ተቀባዩ እስኪያነሣው ድረስ የሚቆይ መዝገብ ሆኗል። እዚህ ላይ የብዙዎች ስሕተት ቁጥሩን ቀድሞ ማሳደግ ነው። መጀመሪያ ሥራው ይለቅ፤ ቁጥሩ ከዚያ ይደግ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ፕሮግራሙ በመካከል ሲወድቅ ያ መልእክት ተመልሶ አይመጣም።

የጨረቃው ኮምፒውተር

ዜና ሲጠፋ የሚሆነውን አየን፤ ሲበዛስ? ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን «ንስር» በተባለችው መንኮራኩር ወደ ጨረቃ እየወረዱ ነው። ከወለሉ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራቸው የኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ ስክሪኑ ላይ 1202 የሚል ቁጥር ወጣ። ሂውስተን ባለው የቁጥጥር ማዕከል ውሳኔው 26 ዓመት በሆነው ስቲቭ ቤልስ ትከሻ ላይ ወደቀ። ከጀርባ ያለውን ክፍል ይዞ የነበረው የ24 ዓመቱ ጃክ ጋርማን የማስጠንቀቂያዎቹን ዝርዝር ቀድሞ አጥንቶ ስለነበር፣ ማስጠንቀቂያው በተከታታይ እስካልመጣ ድረስ መውረዱ ይቀጥል አለ። ቀጠሉ።

1202 ማለት ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሥራ በዝቶበት አዲስ ሥራ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ ማለት ነው። ለምን በዛበት? ከእናት መንኮራኩሩ ጋር ለመገናኘት የሚያገለግለው ራዳር ለጥንቃቄ ተከፍቶ ነበር። የራዳሩና የኮምፒውተሩ የኤሌክትሪክ ምንጮች ድግግሞሻቸው እኩል ቢሆንም ምታቸው አልተገጣጠመም፤ በዚህ የተነሣ የራዳሩን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ አንቴናው ሳይንቀሳቀስ እንደተንቀሳቀሰ እየቆጠረ ምልክት ያዘንብ ጀመር። በሴኮንድ እስከ 12,800 ምልክት ይመጣል፤ እያንዳንዱ ከኮምፒውተሩ አንድ የማስታወሻ ዑደት፣ ማለትም 11.7 ማይክሮ ሴኮንድ፣ ይነጥቃል። ሲባዛ ከጠቅላላ ጊዜው 15 በመቶ ገደማ ይሆናል። ምልክቶቹ ለመውረዱ ሥራ ምንም አይጠቅሙም ነበር።

የዚህን ታሪክ አንድ ክፍል ብዙዎች አያነሡትም። ኦልድሪን በሌላ ራዳር በተለካው ከፍታና ኮምፒውተሩ ባሰላው ከፍታ መካከል ያለውን ልዩነት ለመከታተል ቁልፎቹን ነክቶ ነበር፤ ትዕዛዙ ቁጥሩን በየጊዜው እያሰላ የሚያድስ ነው። ያም ፖሊንግ ነው፤ የኮምፒውተሩን ጊዜ ይበላል። የምልክቶቹ ዝናብና የተደጋጋሚው ስሌት ተደምረው ዋናውን የመውረጃ ስሌት በተመደበለት 2 ሴኮንድ ውስጥ እንዳይጨርስ አደረጉት፤ ያልተጨረሰው ላይ አዲሱ ተደረበ። ኦልድሪን ማስጠንቀቂያው ከዚያ ትዕዛዝ ጋር የተያያዘ መሆኑን ወዲያው ጠረጠረ፤ ሂውስተንም ልዩነቱን እኛ ከምድር ሆነን እንከታተልላችኋለን አለች። አንዱን ጠያቂ ማስቀረት ቻሉ፤ የራዳሩን ምልክቶች ግን በዚያ ሰዓት ማስቆም የቻለ አልነበረም።

በፖሊንግ ፍጥነቱን የሚወስነው ጠያቂው ነው፤ ቢደክመው ያዘገየዋል፣ ቢበቃው ያቆመዋል። በኢቨንት ፍጥነቱን የሚወስነው ላኪው ነው፤ ተቀባዩ አልቻልኩም ማለት የሚችልበት መንገድ ካልተበጀለት ይዋጣል። ንስርን ያዳናት ሌላ ነገር ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መሐንዲሶች ፕሮግራሙን ሲነድፉ፣ ወሳኝ ሥራዎች የደረሱበትን በየመካከሉ ማስታወሻ ላይ እንዲያኖሩ አድርገው ነበር። ኮምፒውተሩ ሲጨናነቅ ራሱን አስነሥቶ የተደራረበውን ሁሉ ጣለ፤ ከዚያ ወሳኞቹን ሥራዎች ካቆሙበት ቀጠለ። ወዴት እየሄደ እንደነበረ ያወቀው ከተመዘገበው ሁኔታ ነው።

ይኸው ችግር ከ27 ዓመት በኋላ በምድር ላይ በጥናት ተተነተነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጄፍሪ ሞጉልና ኬ. ኬ. ራማክሪሽናን ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በኔትወርክ ለሚመጣ ለእያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል (ፓኬት) ሥራውን እያቋረጠ የሚነሣ ኮምፒውተር ፓኬት ሲበዛበት ምንም ወደማይሠራበት ደረጃ እንደሚደርስ አሳዩ። ጊዜው ሁሉ «መጣልህ» የሚለውን በመስማት ያልቃል፤ የመጣውን የሚያስተናግድበት ቅጽበት አይተርፈውም። በ1 ጊጋቢት መስመር ላይ ትንንሾቹ ፓኬቶች በሴኮንድ እስከ 1,488,095 ሊደርሱ ይችላሉ፤ ለእያንዳንዱ ያለው ጊዜ ከ1 ማይክሮ ሴኮንድ ያነሰ ነው። ያቀረቡት መፍትሔ የመጀመሪያው ፓኬት ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ፣ ከዚያ ማቋረጡ ተዘግቶ ኮምፒውተሩ ራሱ በመጠኑ እየጠየቀ እንዲያነሣ ማድረግ ነው። ሊኑክስ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ አንድ የኔትወርክ ካርድ በአንድ ተራ በተለምዶ እስከ 64 ፓኬት ያስረክባል፤ ሲያልቅበት ካርዱ ወደ መቀስቀስ ይመለሳል። ሰነፍ የተባለው ፖሊንግ ሥራ ሲበዛ ከኢቨንት ይፈጥናል፤ ምክንያቱም በጠየቀ ቁጥር የሚያገኘው አያጣም።

ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ

ስልክ ላይ ሚዛኑ ወደ ሌላ ያዘነብላል። 30 መተግበሪያዎች እያንዳንዳቸው በየደቂቃው ሬዲዮውን ቀስቅሰው ቢጠይቁ ባትሪው ከሰዓት አይደርስም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ለአይፎን፣ ጉግልም ለአንድሮይድ አንድ የጋራ መስመር የዘረጉት ለዚህ ነው፤ ስልኩ አንድ ግንኙነት ብቻ ይይዛል፤ የሁሉም መተግበሪያዎች ማሳወቂያ በዚያ ይመጣል። እዚህ ኢቨንት ያለ ጥርጥር ይሻላል።

ይሁንና የጉግል አገልግሎት ራሱ ገደቡን አይደብቅም። ስልኩ ተዘግቶ ሳለ ለአንድ መተግበሪያ የተጠራቀሙት መልእክቶች 100 ከሞሉ ሁሉንም ይጥላቸዋል፤ ስልኩ ሲከፈት ለመተግበሪያው የሚደርሰው መልእክቶች እንደጠፉ የሚናገር አንድ ልዩ ምልክት ነው። ያኔ መተግበሪያው ወደ ሰርቨሩ ሄዶ ሙሉ ሁኔታውን መጠየቅ ይጠበቅበታል። ትልቁ የማሳወቂያ ማሽን እንኳ በመጨረሻ ሂድና ጠይቅ ይላል። በአንድ መተግበሪያ ውስጥም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሰውዬው በዚያች ቅጽበት ስልክ ተደውሎለት ከነበረ አላየውም። ስለዚህ ውጤቱ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ዜና ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የስክሪኑ ሁኔታ ሆኖ ይቀመጥ፤ ሰውዬው ሲመለስ ይጠብቀው።

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ምሽት እዚህ ማንሣት እወዳለሁ። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን የወሰዱት ከ800 ሺህ በላይ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ቁጥራቸውን እያስገቡ በየ10 ሴኮንዱ ቢሞክሩ በሴኮንድ 80 ሺህ ጥያቄ ይሆናል፤ ያውም ወላጅና ጎረቤት ሳይቆጠር። ውጤት በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጣ፣ አንዴ ከወጣም በብዛት የማይለወጥ ነገር ነው፤ ለማሳወቂያ ከዚህ የተመቸ ጉዳይ አላውቅም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ውጤቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት በተራ ቢላክ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ገጹን ሲያድስ አያድርም። ድረ ገጹ ግን መዘጋት የለበትም፤ መልእክቱ ያልደረሰው፣ ስልኩ የተለወጠበት፣ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ያለ ተማሪ የሚጠይቅበት ቦታ ያስፈልገዋል።

በእኔ አመለካከት ምርጫው የሚጀመረው ዜናው ቢጠፋ ምን ይሆናል ከሚለው ጥያቄ ነው። ጓደኛህ ቴሌግራም ላይ «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት ቢጠፋ ማንም አይጎዳም፤ አንዴ ይላክ፣ ይለፍ። የባንክ ዕለታዊ የምንዛሪ ተመን በየደቂቃው የማይለወጥ ስለሆነ በየሰዓቱ መጠየቅ ይበቃል፤ ለእሱ ዌብሁክ መገንባት ትርፍ ድካም ነው። የገንዘብ፣ የመድኃኒት፣ የትኬት ነገር ሲሆን ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኮልባኩ ይምጣና ይቀስቅስ፤ ከጎኑ ደግሞ «በመጠበቅ ላይ» ያሉትን ትዕዛዞች እየፈለገ የሚያጣራ ትንሽ ፕሮግራም ይኑር። መጀመሪያ ከ10 ሴኮንድ በኋላ፣ ቀጥሎ ከ30፣ ከዚያ ከ2 ደቂቃ፣ ከዚያ ከ10 ደቂቃ በኋላ እያለ ክፍተቱን እያሰፋ ቁርጡ እስኪታወቅ ይጠይቅ። ሒሳብ ሠራተኞች ማታ ማታ የባንኩን መግለጫ ከራሳቸው መዝገብ ጋር እያስታረቁ ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ማወቅ የማይቻልባቸው ደቂቃዎች ይኖራሉ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው ቃል የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው። መልስ ስላልመጣ ብቻ «ክፍያዎ አልተሳካም» ብሎ የሚጽፍ መተግበሪያ ያልተረጋገጠ ነገር እያወራ ነው፤ ሰውዬው አምኖት ደግሞ ይከፍላል፤ ሁለት ጊዜ ተቆርጦበት ገንዘቡን ለማስመለስ ቀናት ይመላለሳል። ዳታቤዙ ከ«ተከፍሏል» እና ከ«አልተሳካም» ሌላ «እየተጣራ ነው» የሚል ሦስተኛ ሁኔታ ሊኖረው ይገባል። ስክሪኑም ያንኑ በግልጽ ይናገር፤ ትዕዛዙ በቁጥሩ መያዙን፣ እንደገና መክፈል እንደማያስፈልግ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚታወቅና የት እንደሚታይ ይጻፍበት። «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ለዚያ ትዕዛዝ እስኪጣራ ድረስ ይዘጋ።